ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት፦ መኖሪያ ቤት ለማከራየት ላሰባችሁ ዝርዝር መመሪያ

ድሮ ቤት ማከራየት ማለት ለደላላ ደውሎ ዋጋ መናገር፣ የሶስት ወር የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብሎ ቁልፍ መስጠት ነበር፣ ካልተስማሙ ደሞ "ቤቱን ለራሴ ፈልጌዋለሁ" ብሎ ማስወጣት። አሁን እንደዛ አይሰራም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጨዋታውን ቀይሮታል፣ ብዙ አከራይ ግን አሁንም በድሮው ልምድ ነው የሚገባበት፣ ከዛ ወረዳ ሲጠራ ነው የሚደነግጠው።

ዋና ዋናውን ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ውሉ በጽሁፍ መሆን አለበት፣ ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም፣ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፣ ጭማሪ ደሞ በዓመት አንዴ ብቻ ነው እሱም ተቆጣጣሪው አካል ሰኔ ላይ በሚያወጣው መጠን።

ይሄ ማለት ምን ማለት ነው? ቁልፉን የሰጣችሁ ቀን የወሰናችሁት ነገር ቢያንስ ሁለት ዓመት አብሯችሁ ይኖራል። ዋጋውም፣ ሰውየውም፣ ያልጠገናችሁት ቧንቧም። ስለዚ ስራው ሁሉ ያለው ከቁልፉ በፊት ነው፣ ከቁልፉ በኋላ የሚስተካከለው ነገር ትንሽ ነው። እኔ የምጽፈው በዋናነት አዲስ አበባን እያሰብኩ ነው፣ በክልል ከተማ ያላችሁ አዋጁ እናንተ ጋ እንዴት እንደሚሰራ ከከተማችሁ ቤቶች ጽህፈት ቤት ጠይቁ።

1. መጀመሪያ ቤቱን ለማከራየት መብት እንዳላችሁ አረጋግጡ

"የኔ ቤት ነው እንዴ መብት የለኝም?" የሚል ይኖራል። ቤቱ የናንተ ሆኖም ብቻችሁን ማከራየት የማትችሉበት ሁኔታ ግን ብዙ ነው።

ባለትዳር ከሆናችሁና ቤቱ የጋራ ንብረት ከሆነ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) አንቀጽ 68 ላይ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን ለማከራየትም የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ካርታው በአንዳችሁ ስም መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። ስለዚ ውሉ ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ አንዱ ከሌለ ውክልና ይስጥ። ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚነሳው የኪራይ ብር ነው፣ "ሳላውቅ አከራየው" ከተባለ ደሞ መሀል ላይ የሚንገላታው ምንም የማያውቀው ተከራይ ነው።

የውርስ ቤት ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ይኑራችሁ፣ ወንድም እህት ካለ ሁሉም ይፈርም ወይ ለአንዱ ውክልና ስጡ። "እኛ ቤተሰብ ነን ወረቀት አያስፈልገንም" የሚባለው ነገር የሚሰራው ብር መግባት እስኪጀምር ድረስ ነው።

ውጭ ሀገር ያላችሁ፣ ዋሽንግተንም ሁኑ ጅዳ ወይ ቤሩት፣ ቤታችሁን የሚያከራይላችሁ ሰው ሕጋዊ ውክልና ሊኖረው ይገባል። ውክልናው ካላችሁበት ሀገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይ ቆንስላ በኩል ተሰርቶ ሲመጣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ስታሰሩት በደፈናው "ቤቴን ያስተዳድርልኝ" ብላችሁ አትተዉት። ውል መፈረም፣ ማስመዝገብ፣ ኪራይ መቀበል፣ ግብር መክፈል፣ ውል ማቋረጥ፣ ከውሃና መብራት መስሪያ ቤት ጋር መጨረስ፣ ፍርድ ቤት መቅረብ ወይ ጠበቃ መወከል፣ እያንዳንዱ ተዘርዝሮ ይጻፍ። መሸጥ እና ማስያዝ ደሞ እንደማይችል በግልጽ አስጽፉ። ኪራዩም በወኪሉ የግል አካውንት ሳይሆን በናንተ ስም በተከፈተ አካውንት ይግባ። እዛ በረሃ ላይ በሰው ቤት እየሰራች ለኮንዶሚኒየም ዓመታት የቆጠበች ልጅ ቤቷ ሲደርሳት ብሩ የት እንደገባ ሳታውቅ የምትቀርበት ታሪክ በጣም ብዙ ነው፣ ወኪሉን ባታምኑት አይደለም፣ የሚያስተማምነው ነገር ስቴትመንት ስለሆነ ነው።

የቀበሌ ቤት ወይ የመንግስት ቤት ይዛችሁ ለሌላ ሰው ለማከራየት ካሰባችሁ ደሞ ይሄን መመሪያ እዚህ ጋ አቁሙት፣ ቤቱን ያስነጥቃችኋል።

2. ቤቱን እንደ ተከራይ ሆናችሁ ፈትሹት

ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚዘለው። ቀለም ተቀብቶ ሴራሚኩ ከታጠበ ቤቱ ዝግጁ ነው ይባላል። ግን ተከራይ ገብቶ በሁለተኛው ሳምንት የሚደውለው ስለ ቀለሙ አይደለም፣ ስለ ውሃ፣ ስለ መብራትና ስለ ፍሳሽ ነው።

ከመብራት ጀምሩ። ምጣድ የሚሰካበትን ሶኬት ፈልጉና ሽቦው የት እንደሚሄድ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አሳዩ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3 ሺ ዋትና ከዛ በላይ ይበላል፣ ብዙ ቤት ላይ ግን የምጣዱ ሶኬት ከኩሽናው አምፖልና ከፍሪጁ ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ ነው የተያያዘው። ሴትየዋ እንጀራ ስትጋግር ልጇ ሻወር ሊወስድ ቦይለር ሲያበራ ብሬከሩ ይዘላል፣ ሲደጋገም የሆነ ሰው ይመጣና ብሬከሩን በትልቅ ይቀይረዋል፣ ከዛ ብሬከሩ አይዘልም፣ ሽቦው ግን ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ነው። ቤት የሚቃጠለው እንደዚ ነው። ስለዚ ለምጣዱና ለቦይለሩ የየራሳቸው መስመርና በልኩ የሆነ ብሬከር አሰሩ። ሶኬቱን ንቀሉና እዩት፣ ፕላስቲኩ ከጠቆረ ወይ የቀለጠ ሽታ ካለው ነገሩ ቆይቷል ማለት ነው።

ውሃ ላይ ደሞ ሁሉንም ቧንቧ ክፈቱና አስራ አምስት ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከዛ ሲንኩ ስር፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ስር፣ ቦይለሩ ስር በደረቅ ሶፍት ንኩት፣ ከረጠበ ይፈሳል። ቀጥላችሁ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን እዩ፣ ሁሉም ተዘግቶ ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ የሆነ ቦታ መሬት ውስጥ ወይ ግድግዳ ውስጥ እየፈሰሰ ነው፣ በኋላ "ሂሳቡ በዛ" እየተባለ በየወሩ የምትጨቃጨቁበት እሱ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ሮቶ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ውስጡ ታጥቦ ያውቃል ወይ፣ ተንሳፋፊው ይዘጋል ወይ፣ ፓምፑ ይነሳል ወይ ማየት አለባችሁ።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ሁለት ነገር ላይ በጣም አተኩሩ። አንደኛው የሻወር ቤቱ ወለል ነው። ከላይ ቤት ወደ ታች ቤት ኮርኒስ የሚንጠባጠብ ውሃ የጎረቤት ጸብ ዋነኛው ምክንያት ነው፣ ስለዚ ከማከራየታችሁ በፊት ወርዳችሁ የታችኛውን ቤት በር አንኳኩና "ከኛ ቤት የሚወርድ ነገር አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ባለቤት ብዙ የለም፣ ግን አንዴ ከጠየቃችሁ ያ ጎረቤት ለሁለት ዓመት የቤታችሁ ዓይን ይሆናል። ሁለተኛው፣ ምድር ቤት ከሆናችሁ የፍሳሽ መስመሩ ነው፣ ማንሆሉ ሲሞላ መጀመሪያ የሚመለሰው እናንተ ቤት ስለሆነ ኮሚቴውን መቼ እንደተጠረገ ጠይቁ። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ያላችሁ ጣራውን ከሰኔ በፊት አሳዩ፣ ሐምሌ ላይ ጣራ የሚጠግን ሰው ማግኘትም ማስጠገንም መከራ ነው።

ቁልፍ። የፊት በሩን ሲሊንደር ቀይሩ። የድሮው ተከራይ፣ ቀለም ቀቢው፣ ደላላው ጋ ኮፒ ሊኖር ይችላል፣ ሲሊንደር ደሞ በጣም ውድ እቃ አይደለም።

እና ደሞ ሰርቪስ ቤት የምታከራዩ ሰዎች፣ እባካችሁ ሰው እንደሚኖርበት አስቡ። መስኮት የሌለው፣ ጣራው በክረምት የሚያፈስ፣ ሽንት ቤቱ በር የማይዘጋ ክፍል ላይ ቤተሰብ አስገብቶ ብር መቀበል ልክ አይደለም። ከኪራዩ ብር ቀድማችሁ ትንሽ አውጡና ሰው የሚኖርበት አድርጉት።

3. ዋጋ

የመጀመሪያው ዋጋ ከምንም በላይ አስፈላጊ ነው፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ያለው ጭማሪ በናንተ እጅ አይደለም። ከዚ በፊት ተከራይቶ የማያውቅ ቤት ከሆነ ከተከራዩ ጋር ተስማምታችሁ ነው የምትወስኑት። ተከራይቶ የነበረና ተመዝግቦ ያለ ዋጋ ካለው ግን ተከራይ ስለቀየርኩ እንደፈለኩ እሰቅላለሁ ብላችሁ አታስቡ፣ ወረዳው ጋ የቀድሞው ውል አለ፣ በስንት ማከራየት እንደምትችሉ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ደላላ ብቻ አትጠይቁ። ደላላው ኮሚሽኑ ከኪራዩ ስለሚሰላ ዋጋው ከፍ ቢል ደስ ይለዋል፣ ተከራዩ በስድስት ወሩ ቢወጣም ለሱ ሁለተኛ ኮሚሽን ነው። ብሎካችሁ ላይ ወይ ሰፈራችሁ ውስጥ ተመሳሳይ ቤት በስንት እንደተከራየ ከተከራዮቹ ከራሳቸው ጠይቁ፣ የሚጠየቀውን ሳይሆን የሚከፈለውን። ጀሞ ያለ ባለ ሁለት መኝታና የካ አባዶ ያለ ባለ ሁለት መኝታ አንድ አይደሉም፣ ታክሲ በቀላሉ የሚገኝበትና የማይገኝበት፣ ውሃ በየቀኑ የሚመጣበትና በሳምንት አንዴ የሚመጣበት ዋጋው ይለያያል።

አንድ ሂሳብ ልስራላችሁ። ቤቱ በ15 ሺ ብር ዛሬ የሚፈልገው ጨዋ ሰው አለ እንበል፣ እናንተ ግን 16 ሺ ካልሆነ ብላችሁ ወር ተኩል ባዶ አስቀመጣችሁት። የጠፋው 22,500 ብር ነው። የ1 ሺ ብሯ ልዩነት በሁለት ዓመት 24 ሺ ብር ታመጣለች። ማለት ከሁለት ዓመት በኋላ ያተረፋችሁት 1,500 ብር ነው፣ እሱም ጥሩ ተከራይ ካገኛችሁ። ባዶ ቤት ከሁሉም ኪሳራ ይበልጣል።

4. ከኪራዩ ላይ የሚወጣውን ቀድማችሁ ቁጠሩ

የኪራይ ገቢ ግብር አለበት፣ ይሄ ይታወቅ። የሚከፍለው አከራይ ነው፣ እንደ ገቢው መጠን ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ለግለሰብ እስከ 35 ፐርሰንት ይደርሳል። ቤቱን ከነዕቃው ካከራያችሁ ለዕቃው የምትቀበሉትም የኪራይ ገቢ ውስጥ ይገባል፣ "የቤቱ ይሄን ያህል፣ የሶፋውና የፍሪጁ ይሄን ያህል" ብሎ መከፋፈል ከግብር አያስመልጥም። አከራይ ሆናችሁ ስትጀምሩ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጡ፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ሐምሌ ላይ ወረፋው ሳይበዛ ገቢዎች ሄዳችሁ ጠይቁ። በዓመቱ የጠገናችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ፣ የሂሳብ መዝገብ ለሚይዝ ሰው ይጠቅማል። እና ውል ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ ጽፎ ቀሪውን በእጅ መቀበል የሚባለውን ነገር ተዉት። ክፍያው በባንክ ነው የሚሄደው፣ ተጣልታችሁ ፍርድ ቤት ብትሄዱ የሚታየው ደሞ ወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋ ነው።

ሌላው፣ ከኪራይ ግብሩ በተጨማሪ የጣራና ግድግዳ የሚባለው የቤት ግብር፣ የኮንዶሚኒየም ከሆነ የባንክ እዳ፣ የማህበሩ መዋጮ ለጥበቃና ለጽዳት፣ የደላላ፣ የቀለም። እና በየዓመቱ የአንድ ወር ኪራይ የሚያህል ለጥገና አስቀምጡ። ይሄን ሁሉ ቀንሳችሁ የሚተርፋችሁ ነው ትክክለኛ ገቢያችሁ፣ በሱ ነው ማቀድ ያለባችሁ።

5. ተከራይ መምረጥ

ደላላ የምትጠቀሙ ከሆነ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ፣ ከማን እንደሚቀበል፣ መቼ እንደሚከፈል ቤቱን ከማሳየቱ በፊት ተስማሙ። ቁልፍ ለደላላ አትተዉ። ስታሳዩ እናንተ ወይ ወኪላችሁ ቁሙ፣ ምክንያቱም ቤት ስትታይ እናንተም ሰውን ታያላችሁ። በር ላይ ጫማውን ይጠርጋል ወይ፣ ስለ ውሃና ስለ ጎረቤት ይጠይቃል ወይ። ስለ ውሃው የሚጠይቅ ሰው ለመኖር ነው የመጣው።

የምትጠይቁት ነገር ቀላል ነው፦ የታደሰ መታወቂያ ወይ ፋይዳ፣ የስራ ቦታ ደብዳቤ ወይ ንግድ ፈቃድ፣ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ከየት ቤት እንደሚመጣና ለምን እንደለቀቀ፣ ችግር ቢመጣ የሚደወልለት ተያዥ። ካስቻለ የቀድሞ አከራዩን አግኙ፣ ግን አሁን ያለበትን ሳይሆን ከዛ በፊት የነበረውን፣ አሁን ያለበት አከራይ ሊገላገለው ፈልጎ ሊያሞግሰው ይችላል።

ደሞዙን አንድ ጊዜ ከኪራዩ ጋር አስተያዩት። ኪራዩ የገቢውን ግማሽ የሚበላ ሰው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ስለማይችል ነው የሚቆራረጥበት፣ ይሄን አስቀድሞ በግልጽ መነጋገር ለሱም ይጠቅመዋል።

አሁን የማልወደውን ነገር ልናገር። "ብሔርህ ምንድነው፣ ሃይማኖትህ ምንድነው" ብሎ ቤት መከልከል ነውር ነው፣ በደላላ በኩል አስጠይቆ ማስመለስም ያው ነው። ሌላው "ልጅ ያለው አልፈልግም" የሚባለው ነው። እኔ ካየሁት ረጅም ጊዜ የሚቀመጠው፣ ሰፈሩን የሚያውቀው፣ ትምህርት ቤት አቅራቢያ ስለሆነ ቶሎ የማይለቀው ልጅ ያለው ቤተሰብ ነው። ግድግዳ ላይ በእርሳስ ቢጫርም በአንድ ቀለም ይሸፈናል። ልጅ ያላት እናት በአራስነቷ ቤት ፍለጋ ስትንከራተት አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል።

ተከራዩ ድርጅት ከሆነ ወይ ቤቱን ለእንግዳ ማረፊያ ወይ ለቢሮ የሚፈልገው ከሆነ ሕጉም ግብሩም ሊለይ ይችላል፣ እሱን ለብቻ ተረዱት።

6. ውሉ

ወረዳ የሚሰጠው ወይ የሚጠይቀው የተዘጋጀ ፎርም አለ፣ በሱ ጀምሩ። ፎርሙ ግን የናንተን ቤት አያውቀውም፣ ስለዚ የሚከተሉትን ወይ እዛው ላይ ወይ አባሪ አድርጋችሁ ጻፉ፣ ሁለታችሁም በሁሉም ገጽ ፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይኑር።

የክፍያ ቀን። "በየወሩ" አይበቃም፣ "ወር በገባ ከ1 እስከ 5 ባለው" በሉ፣ የባንክ አካውንቱን ቁጥር ጻፉ። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን የፈረንጅ አስቀምጡት፣ ጳጉሜም ላይ ተነጋገሩ፣ መስከረም ላይ የሚነሳ ጭቅጭቅ ነው። ቢዘገይ ምን እንደሚሆን አዋጁ የራሱ ቀናት ስላሉት ወረዳ ላይ አስነብባችሁ ያንኑ አስገቡ፣ ከራሳችሁ ቅጣት አትፍጠሩ።

መብራትና ውሃ ማን ይከፍላል። የራሱ ቆጣሪ ካለው ቀላል ነው፣ ካርድ ቆጣሪ ከሆነ ደሞ ከሁሉም ይሻላል። ችግሩ ግቢ ውስጥ በአንድ ቆጣሪ አራት አምስት ቤት ሲሆን ነው። የመብራት ታሪፍ አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር የኪሎዋቱም ዋጋ አብሮ ይጨምራል፣ ስለዚ በአንድ ቆጣሪ ላይ የተደራረቡ ቤቶች ለየብቻቸው ቢሆኑ ከሚከፍሉት በላይ ይመጣባቸዋል። ከቻላችሁ ለየቤቱ ትንሽዬ ንባብ ቆጣሪ አስገቡ፣ ሂሳቡን በዛ ልክ አካፍሉ፣ የመስሪያ ቤቱን ቢል ለሁሉም አሳዩ። "በሰው ቁጥር እናካፍል" ሲባል ምጣድ የሌለው ብቸኛ ልጅ የሌላውን እንጀራ ማስጋገሪያ እየከፈለ ነው፣ አኩርፎ ይወጣል።

ጥገና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሰረቱን አስቀምጦታል፦ በር መስኮት ቧንቧ የመሳሰሉት ላይ የሚያጋጥም ጥቃቅን ጥገና የተከራይ ነው፣ በእርጅና ወይ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የመጣው ግን የአከራይ። በተግባር ግን "ጥቃቅን" ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ነው የሚጨቃጨቁት፣ ስለዚ የብር ጣሪያ አስቀምጡለት፣ ከዚ በታች ተከራይ፣ ከዚ በላይ አከራይ። ጣራ፣ የግድግዳ ውስጥ ቧንቧ፣ ዋናው የመብራት መስመር ምንጊዜም የአከራይ ይሁን። ተከራይ በራሱ ካስጠገነ በኋላ ከኪራይ ልቀንስ እንዳይል ቀድሞ ደውሎ ተስማምቶ ደረሰኝ እንዲያመጣ ጻፉ፣ እናንተም በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደምትሰጡ ጻፉ። ሽንት ቤት ተዘግቶበት ሳምንት ሙሉ ስልክ የማይነሳለት ተከራይ ኪራይ ቢይዝ አትፍረዱበት።

ለሌላ ማከራየት። ያለ እናንተ የጽሁፍ ፈቃድ ለሶስተኛ ወገን ማከራየት አይቻልም ብላችሁ በግልጽ አስቀምጡ። የተከራይ ተከራይ ማለት ኪራዩን ለእናንተ የማይከፍል፣ ለወረዳም የማይታወቅ ሰው ማለት ነው።

መውጣትና ማስወጣት። ተከራይ መልቀቅ ሲፈልግ ሁለት ወር ቀድሞ በጽሁፍ እንዲያሳውቅ፣ እናንተም ውሉ ሲያልቅ የማታድሱ ከሆነ እንደዛው። ቤቱን ለመሸጥ ሃሳብ ካላችሁ ደሞ አሁን ለተከራዩ ንገሩት፣ ገዢው በማግስቱ ገብቶ ሰው የሚያስወጣበት አሰራር የለም፣ ሕጉ የወራት ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። ልጃችሁ በሚቀጥለው ዓመት አግብቶ የሚገባበት ቤት ከሆነም ባታከራዩት ይሻላል፣ ሁለት ዓመት ሁለት ዓመት ነው።

ወደ ቤቱ መግባት። ባለቤት ስለሆናችሁ ብቻ በፈለጋችሁት ሰዓት ቁልፍ ከፍታችሁ መግባት አትችሉም። ለማየት ስትፈልጉ ቀድማችሁ ደውሉ፣ እሱ ባለበት ግቡ፣ ይሄንንም ጻፉት።

ግቢ ለምትጋሩ፦ በር የሚዘጋበት ሰዓት፣ ልብስ የሚታጠብበትና የሚሰጣበት ቦታ፣ ከሰል የሚያያዝበት፣ መኪና የሚቆምበት፣ ቆሻሻ ማን መቼ ያወጣል። እንግዳ አይምጣብኝ አትበሉ፣ ሰው ዘመድ አለው። የሌሊት ፈረቃ የሚሰራ ሰው ከሆነ የበሩ ሰዓት እንደማይሰራበት ከመግባቱ በፊት ይታወቅ።

7. ርክክብ

ይሄን በቀን ብርሃን አድርጉት፣ ማታ እቃ ጭኖ ሲመጣ አይደለም። ተከራዩ ባዶ ቤት ውስጥ አብሯችሁ ይግባ፣ አንዳችሁ ስልክ ይዛችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ክፍል በክፍል፣ ጥግ በጥግ፣ ስትቀርጹም ተናገሩ፣ "ይሄ የመኝታ ቤቱ መስኮት፣ አንዱ መስታወት ስንጥቅ አለው፣ ይሄ የሻወሩ ሴራሚክ፣ በሩ ጋ አንድ የተላቀቀ አለ" እያላችሁ። ጉድለቱን ራሳችሁ ተናገሩ፣ ተከራዩ እሱን ሲሰማ ነገ በሱ እንደማይላከክ ይገባዋል። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሱ። ከዛ ቪዲዮውን እዛው ቆማችሁ በቴሌግራም ላኩለት፣ ቀኑ እዛው ላይ ይቀመጣል፣ ለሁለታችሁም ማስረጃ ነው።

ከዛ አንድ ገጽ የርክክብ ወረቀት፦ ስንት ቁልፍ፣ ስንት አምፖል፣ መጋረጃ ማንጠልጠያ፣ ቦይለር ከነሞዴሉ፣ ቁምሳጥን፣ የካርድ ቆጣሪው ካርድ። ፈርሙበት። የቀድሞ ተከራይ ያልከፈለው የመብራት ወይ የውሃ እዳ ካለ ከዚ ቀን በፊት ጨርሱት፣ አዲሱ ሰው በሶስተኛው ወር ቆጣሪው እንዳይነቀልበት።

8. ምዝገባ

በተፈራረማችሁ በ30 ቀን ውስጥ ቤቱ ያለበት ወረዳ ቤቶች አስተዳደር ጽህፈት ቤት ሁለታችሁም ሂዱ። ያዙ፦ የሁለታችሁን መታወቂያ፣ ካርታ ወይ የኮንዶሚኒየም ውል፣ ወኪል ከሆነ ውክልናውን ዋናውንና ኮፒውን፣ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ፣ ውሉን በሶስት ኮፒ። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን ደርሳችሁ ምን ምን እንደሚጠይቁ ጠይቁ፣ ከወረዳ ወረዳ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፣ ተከራዩን ከስራ አስቀርታችሁ ኮፒ ጎሎ መመለስ ያናድዳል።

አንዳንድ አከራይ "ካልተመዘገበ ግብር አይታወቅብኝም" ብሎ ይቀራል። አለመመዝገብ ቅጣት አለው፣ ከቅጣቱ በላይ ደሞ ያልተመዘገበ ውል ይዛችሁ ተከራዩ ሶስት ወር ባይከፍል በምን ትከሱታላችሁ? በግቢያችሁ የሚኖር ሰው ማንነት ለወረዳና ለፖሊስ የታወቀ መሆኑም ለናንተው ነው የሚጠቅመው፣ አንድ ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ የሚጠራው ባለቤቱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

የተመዘገበውን ውል አንድ ኮፒ ተከራዩ ይያዝ፣ አንዱን እናንተ፣ ፎቶውን ደሞ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። የመጀመሪያው ኪራይ ሲገባ ስቴትመንቱ ላይ "የቤት ኪራይ" የሚል ምክንያት እንዲጽፍ ንገሩት፣ የየትኛው ወር እንደሆነም ይጻፍ፣ ለሐምሌ ግብርም ለማንኛውም ክርክርም የምታወጡት እሱን ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ደሞ የጭማሪውን ማስታወቂያ ተከታተሉ፣ ጭማሪ ከተፈቀደና መጨመር ከፈለጋችሁ በቃል ሳይሆን በጽሁፍ ለተከራዩ ስጡና የውሉን ማሻሻያ እዛው ወረዳ አስመዝግቡ።